የተዳፈነ እሳት፦ ኮምፒዩተርን አሳርፎ የመቀስቀስ ጥበብ ታሪክ፣ ከደቡቡ ቆላ ሲታይ

አንድ የቆመ ማሽን የሚያስከትለው መዘዝ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማስረዳት ከነገሌ ቦረና የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ሰፍሮ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ያመፀው በቀለብና በውሃ ምክንያት ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆመ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለም በወታደሮቹ ተይዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረገ። ከዚያ በኋላ አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የታሪክ ምሁራን ለ1966ቱ አብዮት ብዙ ሥረ ነገሮችን ይቆጥራሉ፤ ፓምፑን ብቻውን ምክንያት የሚያደርግ የለም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ይህን ታሪክ ሲያነብ ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ። ፓምፕ መቆሙ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሊቆም የማይችል ፓምፕ ተሠርቶ አያውቅም። ጉዳቱን ያመጣው የቆመው ፓምፕ ተመልሶ የሚነሣበት ሥርዓት አስቀድሞ አለመዘርጋቱና ኃላፊነቱ በማን እጅ እንደሆነ አለመታወቁ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ከፓምፕ ይልቅ እጅግ በረቀቀ ማሽን ላይ፣ ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲነሣ ቆይቷል። ሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር መሐል ላይ እንዲያርፍ ቢደረግ፣ ሲነቃ ሥራውን ካቋረጠበት ነጥብ ላይ ሊቀጥል ይችላልን? ባይችልስ ተጠያቂው ማነው? ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ነውን? ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የጻፈው ድርጅት ነውን? ወይስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድራይቨሩን ያዘጋጀው ፕሮግራመር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄውን ታሪክ ባጭሩ መተረክና ኃይል በማይዘልቅባቸው ከተሞች ለሚሠራ ባለሙያ ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው።

ኃይል በሰዓት የሚለካባቸው ከተሞች

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደራ ትገኛለች። ከነገሌ ወዲያ አገሩ እየቆለቆለ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአገሪቱ የኃይል አቅርቦት በሁለት ክፍል ተደራጅቶ ኖሯል። አንደኛው በወንዞች ላይ ከተሠሩ ግድቦች የሚመነጨውን ኃይል በረጃጅም መስመሮች የሚያከፋፍለው የተያያዘ ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው መስመሩ ያልደረሰባቸው ከተሞች በየራሳቸው የናፍጣ ጄኔሬተር የሚተዳደሩበት ነበር። በጄኔሬተር በሚተዳደር ከተማ ኃይሉ የሚቆየው ናፍጣው በደረሰበት ልክ ነው። ጄኔሬተሩ የሚሠራው በተወሰነ ሰዓት ሲሆን፣ የነዳጁ መኪና በመንገድ የቀረ ዕለት ያችም ሰዓት ትቀራለች።

በ2012 ዓ.ም. 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በዚሁ አካባቢ ተመርቋል። ሆኖም ከኃይል ማመንጫ አጠገብ መኖርና ያልተቋረጠ ኃይል ማግኘት አንድ አይደሉም። በመካከሉ የማስተላለፊያ መስመር፣ ትራንስፎርመርና የጥገና ቡድን አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መብራቱ ይጠፋል።

በእነዚህ ከተሞች የኮምፒዩተርና የሳተላይት መሣሪያ በስፋት መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ወረዳኔት የተባለው አውታር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር አገናኘ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ። የፕላዝማው ትምህርት በወቅቱ ብዙ አከራክሯል፤ ከቀረቡበት ነቀፋዎች አንዱም ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማል። ትምህርቱ በሳተላይት የሚተላለፈው በአንድ ጊዜ ለመላው አገሪቱ ስለሆነ ለማንም አይጠብቅም። በአንድ ክፍል መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ መሄዱን አያቆምም፤ መብራቱ ሲመለስ ተማሪው የሚያገኘው ያመለጠውን ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ሥርዓቱ ሲነደፍ ስለ መቋረጥ አልታሰበበትም፤ ስለ መቀጠልም እንዲሁ።

ማጥፋት፣ ማዳፈንና መጻፍ

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የገጠር እመቤት ማታ እሳቷን አታጠፋውም፤ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። ጧት አመዱን ገልጣ፣ ጭራሮ ጨምራ እፍ ስትልበት እሳቱ ይያያዛል። ሌሊቱን ሙሉ ያ ፍም በጥቂቱ ይቃጠላል እንጂ ፈጽሞ አይበርድም። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ሲዳፈን አንጎሉ፣ ዲስኩና ስክሪኑ ኃይል ይነፈጋቸዋል፤ ሜሞሪው ብቻ የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኃይል ይሰጠዋል። ይህ ጥቂት ኃይል የግድ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በዛሬው ኮምፒዩተር ያለው ሜሞሪ የያዘውን በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቋቶች ውስጥ ስለሚያኖር፣ በየ64 ሚሊሴኮንዱ ገደማ ካልታደሰ ቋቶቹ ይፈስሳሉ።

ሁለተኛው ዘዴ በሜሞሪ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ፈጽሞ ማጥፋት ነው። ይህ እህልን ጎተራ ከማስገባት ጋር ይመሳሰላል፤ ባትሪው ቢያልቅም የተጻፈው አይጠፋም፤ ነገር ግን ለማስገባትም ሆነ ለማውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው ተራ ማጥፋት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

በሁለቱም መንገድ አስቸጋሪው ነገር ከሜሞሪው ይልቅ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች ናቸው። የኔትወርክ ካርድ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ የስክሪን ካርድ፣ የድምፅ ካርድ እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ሬጅስተሮች አሏቸው፤ ኃይል ሲቋረጥ በእነዚህ ሬጅስተሮች የተጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። ማሽኑ ሲነቃ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁሉም እንደነበረ ነው ብሎ ያምናል፤ መሣሪያው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ የድራይቨሩ ነው።

ሲጠፋ የማይረሳው ሜሞሪ

ይህ ችግር አዲስ ይመስላል እንጂ አይደለም። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻና 1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ የኮምፒዩተር ሜሞሪ በአብዛኛው ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር። ማግኔት ኃይል ቢቋረጥም ያዘነበለበትን አቅጣጫ አይለቅም፤ በመሆኑም የዚያ ዘመን ማሽን ቢጠፋም ሜሞሪው አይረሳም። የሚረሳው በአንጎሉ ሬጅስተሮች ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ፒዲፒ-11 ይህን ጠባይ በሚገባ ተጠቅሞበታል። የኃይል መስጫው ቮልቴጅ መውረድ ሲጀምር ማሽኑ በስምንት ቤት አቆጣጠር 24 ቁጥር ከተሰጠው የሜሞሪ ሥፍራ የተጻፈውን መመሪያ ያነብባል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፕሮግራሙ ያለው ጊዜ 2 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሬጅስተሮቹን ወደ ሜሞሪ ገልብጦ ይቆማል። ኃይል ሲመለስም ማሽኑ ከዚያው ሥፍራ ይነሣል፤ ሬጅስተሮቹን መልሶ ሥራውን ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ለመሣሪያዎቹ የተደረገው ጥንቃቄ ነው። አርኤስኤክስ-11ኤም በተባለው የፒዲፒ-11 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ እያንዳንዱ ድራይቨር አራት በሮች ሊኖሩት ግድ ነበር። አንዱ ሥራ የሚጀመርበት፣ አንዱ ሥራ የሚሰረዝበት፣ አንዱ መሣሪያው በጊዜው ሳይመልስ ሲቀር የሚጠራ፣ አራተኛው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚጠራ። ስለዚህ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ስለ ኃይል መቋረጥ ሳያስብ ሥራውን መጨረስ አይችልም ነበር፤ ቢያንስ በሩን ከፍቶ «የሚደረግ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ነበረበት። የፋብሪካና የቤተ ሙከራ ማሽኖች የሚሠሩበት ሁኔታ ይህን ያስገድድ ነበር።

ሲጠፋ የሚረሳው ሜሞሪ

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1970 ያወጣው 1103 የተባለው የሴሚኮንዳክተር ሜሞሪ ከማግኔቱ ይልቅ የረከሰና የታመቀ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማግኔት ቀለበቶች ከገበያ ወጡ፤ ከእነርሱም ጋር ኃይል ሲቋረጥ የማይረሳ ማሽን ጠፋ። በኋላ የተነሡት የግል ኮምፒዩተሮች የተነደፉት ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁልጊዜ ኃይል ይሰጣል በሚል እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተርና ዶስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ድራይቨር ስለ ኃይል መቋረጥ የሚጠየቅበት በር አልነበራቸውም። በፒዲፒ-11 ዘመን የታወቀው ነገር ለአንድ ትውልድ ያህል ተረሳ ማለት ይቻላል።

ጥያቄውን መልሶ ያነሣው ባትሪ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ተላቅቆ በእጅ መያዝ ሲጀምር ሥራ በሌለበት ጊዜ ኃይል መቆጠብ ግዴታ ሆነ። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ያወጣው ማኪንቶሽ ፖርተብል እንቅልፍ መውሰድ የሚችል ነበር፤ ማሽኑንም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም የሠራው አንድ ድርጅት ስለሆነ ሁለቱ ይግባባሉ። በአይቢኤም ዓይነቱ ማሽን ግን ሠሪው ብዙ ነው፤ ሰሌዳው ከአንዱ፣ ካርዱ ከሌላው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሦስተኛው ይመጣል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 386ኤስኤል የተባለው አንጎል ለዚህ ችግር የራሱን መላ ይዞ መጣ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳያውቅ ማሽኑን ለጊዜው ነጥቆ የኃይሉን ጉዳይ የሚያከናውን ስውር የአሠራር ደረጃ ተጨመረለት። በዚህ ላይ ተመሥርተው ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ኤፒኤም የተባለውን ደንብ አወጡ። በኤፒኤም ዘመን የኃይሉ አዛዥ ባዮስ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ልንተኛ ነው» ብሎ ፈቃዱን ይሰጣል እንጂ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደጠፋ አያውቅም።

ባዮስ ደግሞ የሚያውቀው ከፋብሪካ ሲወጣ በማሽኑ የነበሩትን መሣሪያዎች ብቻ ነው። ባለቤቱ በኋላ ከገበያ ገዝቶ የሰካው የኔትወርክ ካርድ ለባዮሱ እንግዳ ነው፤ ማሽኑ ሲነቃም ካርዱ እንደተኛ ይቀራል። ተጠቃሚው ቢያማርር ሻጩ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድርጅት ወደ ባዮሱ ሠሪ፣ የባዮሱ ሠሪ ደግሞ ወደ ካርዱ ፋብሪካ ይጠቁመዋል። ኃላፊነት በብዙዎች መካከል ሲከፈል ማንም እንደማይሸከመው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሥልጣን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲዛወር

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ በጋራ አወጡ። የዚህ ደንብ ዋና ሐሳብ ሥልጣንን ከባዮስ ወስዶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም መስጠት ነው። ማሽኑ በጠቅላላው ያለበት ሁኔታ ከኤስ0 እስከ ኤስ5 ተሰየመ፤ ኤስ0 ሥራ ላይ መሆን፣ ኤስ3 መዳፈን፣ ኤስ4 ዲስክ ላይ ጽፎ መጥፋት፣ ኤስ5 ፈጽሞ መጥፋት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያም ከዲ0 እስከ ዲ3 የራሱ ደረጃ ተሰጠው። ሰሌዳውን የሠራው ፋብሪካ የማሽኑን ልዩ ጠባይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሚያነበው ሠንጠረዥ ጽፎ ማስረከብ ነበረበት።

በደንቡ አስተሳሰብ ማሽኑን የሚያስተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ መሣሪያውን የሚያስተኛው ደግሞ ድራይቨሩ ነው። ስለዚህም የአርኤስኤክስ-11ኤም አራተኛ በር ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ስም ተመልሶ ተከፈተ። የዊንዶውስ 98ና የዊንዶውስ 2000 ድራይቨሮች የኃይል ትእዛዝ ተቀብለው እንዲመልሱ ተደረገ። የኤሲፒአይ ደንብ ጥበቃም እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኢኤፍአይ ፎረም ለተባለው ማኅበር ተላለፈ።

ደንብ መውጣቱ ግን ሥራውን አላበቃም። በዓለም ላይ የነበሩት ድራይቨሮች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹን የጻፉት ሰዎች ማሽናቸው ከሶኬት ተነቅሎ የማያውቅ ነበሩ። አንድ ድራይቨር ብቻ በአግባቡ ባይተኛ መላው ማሽን አይተኛም፤ አንዱ በአግባቡ ባይነቃ መላው ማሽን ሊሞት ይችላል።

የቱላው ሰልፍ

የድራይቨሩን ሥራ ለመረዳት ከቦረና የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ውሃ የሚወጣው በሰው መሰላል ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ቆመው፣ ውሃ የሞላውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑም ከብቶቹ ወደሚጠጡበት ገንዳ ያደርሳሉ። ይህን ሰልፍ በመሐሉ ለማቆም ቢያስፈልግ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከታች ያለው መቅዳቱን ያቆማል፤ ቀጥሎ በእጅ ላይ ያለው መቅጃ ሁሉ ወደ ላይ ተላልፎ ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ከእርከኑ የሚወርደው። በመካከል ያለ ሰው ድንገት ቢወርድ መቅጃው ጉድጓድ ይገባል።

የድራይቨር ማረፍም ይህንኑ ይመስላል። አስቀድሞ አዲስ ሥራ መቀበል ያቆማል። ቀጥሎ መሣሪያው ወደ ሜሞሪ እየላከ ያለው ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ይህ ሳያልቅ ኃይል ቢቋረጥ የተላከው ግማሹ ብቻ ይደርሳል። ከዚያም መሣሪያው አንጎሉን የሚጠራበትን ምልክት ይዘጋል፣ የሬጅስተሮቹን ይዘት ይገለብጣል፣ ማሽኑን መቀስቀስ የሚፈቀድለት መሣሪያ ከሆነ መቀስቀሻውን ያሰናዳል፣ በመጨረሻም ኃይሉን ይቀንሳል። ሲነቃ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

በመሣሪያዎች መካከልም እንዲሁ ተራ አለ። የዩኤስቢ ካሜራ የሚናገረው በዩኤስቢው መቆጣጠሪያ በኩል ነው፤ ስለዚህ ካሜራው ከመቆጣጠሪያው በፊት መተኛት፣ ከመቆጣጠሪያውም በኋላ መነሣት አለበት። የሊነክስ ከርነል ይህን ተራ የሚያውቅበት መዝገብ አልነበረውም። ፓትሪክ ሞሼል የመራው የመሣሪያዎች የዘር ሐረግ ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱ መሣሪያ ከማን ሥር እንደተሰካ የሚመዘግበው፣ በዋነኛነት ለዚሁ ጉዳይ የታሰበ ሲሆን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከወጣው 2.6 ዕትም ጋር ለተጠቃሚ ደረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 ጋቦር ኩቲ የጀመረውና ፓቬል ማኼክ ያሳደገው፣ ሜሞሪን ዲስክ ላይ ጽፎ የማጥፋት ዘዴ ወደ ከርነሉ ገብቶ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት እጅግ የታወቀው ብልሽት የጨለማው ስክሪን ነው። ማሽኑ ይነቃል፣ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ አንጎሉ ይሠራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ሲበራ የስክሪኑን ካርድ የሚያሰናዳው ባዮስ ነው፤ ከመዳፈን ሲነቃ ግን ባዮሱ ይህን ላያደርግ ይችላል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም እንዴት እንደሚደረግ አያውቅም። ማኼክ ከከርነሉ ጋር በሚሰራጭ ሰነድ ውስጥ የትኛው ማሽን በየትኛው ብልሃት እንደሚነሣ ዝርዝር አወጣ። ያ ዝርዝር ለሐኪም ማስታወሻ የቀረበ እንጂ የምሕንድስና መፍትሔ አልነበረም። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ስክሪኑን የማሰናዳት ሥራ ራሱ ወደ ከርነሉ ድራይቨር መዛወር ሲጀምር ነው።

ራፋኤል ቪሶትስኪ በዋናነት በመራው ቀጣይ ሥራ ድራይቨሮች በየደረጃው የሚጠሩባቸው በሮች በዝርዝር ተለይተው ተደነገጉ። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ማሽኑ በሙሉ ሳይተኛ ሥራ ያጣው መሣሪያ ብቻውን የሚያርፍበት ዘዴ ተጨመረ። የዘር ሐረጉ ብቻ እንደማይበቃም ታወቀ፤ አንዱ በሌላው ሥር ሳይሰካ በሌላው ላይ የሚደገፍ መሣሪያ አለና፣ ይህን ዝምድና የሚመዘግብ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 ታከለበት።

ለልጆች የተሠራው ኮምፒዩተር

በኢትዮጵያ ይህን ጥበብ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ማሽን የመጣው በሁለተኛው ሺህ ዓመት መባቻ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ኤክስኦ የተሰኘውን ማሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ማምረት ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ 5,000 ያህሉ፣ ጀርመን በምትደግፈው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት፣ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ለማሽኑ የአማርኛ ፊደል ገበታም ተዘጋጅቶለት ነበር።

ማሽኑ በዛሬ ዓይን ደካማ ነው፤ 433 ሜጋ ኸርዝ አንጎልና 256 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ብቻ ነበረው። ነገር ግን መብራት ለሌለበት መንደር ታስቦ ስለተነደፈ፣ በመዳፈን ላይ ያለው አስተሳሰብ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። በተራ ላፕቶፕ መዳፈን ማለት ተጠቃሚው ሥራውን ትቶ ሲነሣ የሚደረግ ነው። የኤክስኦ መሐንዲሶች ያሰቡት ግን ልጁ ገጹን እያነበበ ሳለ፣ በሁለት የጣት ንክኪ መካከል፣ ማሽኑ እንዲተኛና ልጁ ሳያውቀው እንዲነቃ ነው። ለዚህም ሦስት ነገር አደረጉ። ሜሪ ሉ ጄፕሰን ለነደፈችው ስክሪን፣ አንጎሉ ሲተኛ ምስሉን ይዞ የሚቆይ የራሱ መቆጣጠሪያ ተሰጠው። ገመድ አልባው ኔትወርክ የራሱ ትንሽ አንጎል ተሰጠው፤ የአንዱ ልጅ ማሽን ቢተኛም የጓደኛውን መልእክት ለሦስተኛው ማሳለፉን እንዲቀጥል። በባዮስ ፈንታም ሚች ብራድሊ ያዘጋጀው ኦፕን ፈርምዌር ገባ፤ በስውር ማሽኑን የሚነጥቅ አዛዥ ቀረ።

ዕቅዱ ግሩም ነበር፤ ነገር ግን አፈጻጸሙ ድራይቨሮቹ ላይ ሲደርስ ከበደ። ገመድ አልባው ኔትወርክ ከአንጎሉ ጋር የተገናኘው በዩኤስቢ ነው። የዩኤስቢ ደንብ ደግሞ አንድ መሣሪያ ሲቀሰቀስ ቢያንስ 20 ሚሊሴኮንድ የመቀስቀሻ ምልክት እንዲሰጠው፣ ቀጥሎም 10 ሚሊሴኮንድ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ለአንድ የጣት ንክኪ ተብሎ ለሚነቃ ማሽን እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥበቃ ከባድ ዋጋ ነው። በዚህና በመሰል ምክንያቶች ራሱን በራሱ የሚያስተኛው ዘዴ በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች ለተጠቃሚው ምርጫ ተተወ፤ ሁልጊዜ የሚሠራ የማሽኑ ጠባይ አልሆነም። ምርጫው ያልበራለት ማሽን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ያለቀ ማሽን ደግሞ ሶኬት በሌለው ትምህርት ቤት ልጁ ተሸክሞት የሚመለስ ዕቃ ብቻ ነው። ከሜሞሪው መጠንና ከአንጎሉ ፍጥነት ይልቅ የአንድ ድራይቨር ጥራት ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚያነብ ይወስን ነበር።

ወንጪና ወለንጪቲ

ያው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ሌላ ሙከራ ጀመረ። በተራራው ላይ ባለው በወንጪና በስምጥ ሸለቆው በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች፣ ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ተሰጡ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 እንደገለጸው፣ የታሸገው ሳጥን በቀረበ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቷል፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፍተዋል። ይህ የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሱ የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ በዚያው ልክ መመዘን አለበት።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ያች የተገኘችው ማብሪያ ልዩ ትርጉም አላት። በታብሌትና በስልክ ጎን ያለችውን ቁልፍ ሁሉም ማብሪያና ማጥፊያ ይላታል፤ በእርግጥ ግን ለአፍታ ስትጫን አታጠፋም፣ ታዳፍናለች እንጂ። አንድሮይድ የተመሠረተው ማሽኑ ሥራ ባጣ ቁጥር ይተኛ፣ ነቅቶ እንዲቆይ የሚፈልግ ፕሮግራም ምክንያቱን ይናገር በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ይህ ሐሳብ ከሊነክስ ከርነል ጸሐፊዎች ጋር ለዓመታት አከራከረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 3.5 ዕትም ተመጣጣኙ ዘዴ ገባ። ዛሬ በነገሌ ወይም በሞያሌ ገበያ ነጋዴው ከኪሱ አውጥቶ የሚያየው ስልክ በቀን ብዙ ጊዜ ይዳፈናል፤ ይነቃልም። ድራይቨሮቹ በአግባቡ ባይጻፉ ኖሮ በፀሐይ ኃይል ሱቅ ገንዘብ ተከፍሎበት የተሞላው ባትሪ እስከ ማታ አይደርስም ነበር።

ለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ መቋረጥ እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ተራ የሥራ ሁኔታ ሲቆጠር ብቻ ነው ጥሩ መፍትሔ የሚገኘው። የፒዲፒ-11 ድራይቨር ጸሐፊዎች አራተኛውን በር የጻፉት ስለተገደዱ ነው፤ የግል ኮምፒዩተር ጸሐፊዎች የተዉትም ያስገደዳቸው ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱ ያልተሰየመ ሥራ አይሠራም። ከኤፒኤም ወደ ኤሲፒአይ የተደረገው ሽግግር ከቴክኒክ ይልቅ የኃላፊነት ድልድል ነበር። በመስሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ማን ማሽኑን እንደሚያሳርፍ፣ ሲመለስም ማን ሥራው መቀጠሉን እንደሚያረጋግጥ ያልተወሰነበት ክፍል፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ዕቃ ቢኖረው ከሙሉ ጥፋት አያመልጥም።

ሦስተኛ፣ ገዢው መጠየቅ ይችላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ3 የተባለውን መዳፈን እየተዉ፣ ማሽኑ በጥልቀት ሳይተኛ በዝቅተኛ ኃይል ወደሚቆይበት ዘዴ እየዞሩ ናቸው። ይህ ዘዴ በድራይቨሮች ጥራት ላይ ከቀድሞው የበለጠ ይደገፋል፤ አንድ ያልተኛ መሣሪያ ባትሪውን በቦርሳ ውስጥ እንዳለ ሊጨርሰው ይችላልና። ስለዚህ ለቆላው ከተሞች ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲገዛ፣ በጨረታው ሰነድ ላይ የሜሞሪ መጠንና የአንጎል ፍጥነት ብቻ መጻፍ አይበቃም። ማሽኑ ከነመሣሪያዎቹ፣ ማለትም ከነአታሚው፣ ከነኔትወርኩና ከተመረጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር፣ መቶ ጊዜ ተዳፍኖ መቶ ጊዜ መነሣቱ፣ ሌሊቱን ተዳፍኖ ሲያድር የሚበላው የባትሪ መጠን፣ ባትሪው ቢያልቅ ሥራው ዲስክ ላይ ተጽፎ መቆየቱ ከርክክብ በፊት ይፈተን። ፈተናው የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ቴክኒሽያን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ያልተነሣው ማሽን ከየትኛው ድራይቨር ላይ እንደቆመም መዝግቦ ለሻጩ ማስረከብ፣ የሊነክስ ማሽን ከሆነም ለከርነሉ ጸሐፊዎች መላክ ይቻላል። በዓለም ላይ ያሉት ድራይቨሮች ቀስ በቀስ የተሻሻሉት ማሽኑ በጠቆረባቸው ተጠቃሚዎች በተላከ እንዲህ ባለ ሪፖርት ነው፤ መብራት በየጊዜው ከሚቋረጥበት ከተማ የሚላክ ሪፖርት ደግሞ ሶኬቱ ከማይጠፋበት ቤተ ሙከራ ሊገኝ የማይችል እውቀት ይይዛል።